እንደነበረ መልስልኝ

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲነሳ ከሚስቁት ነኝ፣ ወይም ነበርኩ፣ አሁን የትኛውን ማለት እንዳለብኝ አላውቅም። ሰፈራችን ውስጥ የሞተ ሰው ድምፅ ሰማሁ፣ ጥላ አየሁ የሚል አይጠፋም፣ እኔ ግን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ ፊዚክስ ተምሬአለሁ፣ በዚያ ላይ ያደግኩት ጸሎት ቤት ውስጥ ነው፣ የሞተ ሰው ጌታ ዘንድ ሄዷል፣ ተመልሶ በር የሚያንኳኳበት ምክንያት የለውም ብዬ ነው የማምነው። ደግሞ ልብ ብላችሁ ከሆነ እንዲህ ያለው ወሬ ሁሉ በሌሊት ነው፣ መብራት ጠፍቶ፣ ውሻ እያላዘነ። የእኔ ግን በቀን ነው የሆነው፣ እመኑኝ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት አልፎ፣ ፀሐይ በመስኮት ገብታ የጠረጴዛውን አቧራ እያሳየችኝ፣ የጎረቤት ሬዲዮ እየጮኸ፣ እናቴ ጓሮ ጎደሬ እየኮተኮተች። ግራ ያጋባኝም ይኸው ነው። ሌሊት ቢሆን ኖሮ እንቅልፍ ነው ብዬ እተወው ነበር።

ወንድሜ ታምራት በስምንት ዓመት ይበልጠኝ ነበር። ሶዶ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ሠራተኛ ነበር፣ ሁምቦ ኮረብታዎች ላይ የሚተከሉት ችግኞች የሚመዘገቡበትን ፕሮግራም የሚጽፈው እሱ ነበር። ሲ በሚባለው ቋንቋ ነው የሚጽፈው። ከሥራ ሲመለስ ላፕቶፑን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ይከፍታል፣ እኔ ከጎኑ እቀመጣለሁ፣ ያስተምረኛል። ሲያስብ አንድ ልማድ ነበረው፣ ካፕስ ሎክ የሚባለውን ቁልፍ በትንሿ ጣቱ ሁለት ጊዜ ይነካዋል፣ ጠቅ ጠቅ፣ ትንሿ መብራት ቦግ ብላ ትጠፋለች፣ ከዚያ ነው ኢንተር የሚባለውን ቁልፍ የሚጫነው። ለምን እንዲህ ታደርጋለህ ስለው «ማሰቢያዬ ነው፣ አትንካብኝ» ይለኝ ነበር። እናቴ እንኳ ያንን ድምፅ ታውቀዋለች፣ ከጓሮ ሆና ስትሰማው ታምራት ከሥራ መጥቷል ማለት ነው።

አይ፣ ቀድሜ ስለ ሳሮ ልንገራችሁ፣ አለበለዚያ የምለው ሁሉ አይገባችሁም።

ሳሮ በወላይትኛ ሰላም ማለት ነው። ታምራት በዚህ ስም አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ሠርቶ ነበር፣ ላፕቶፑ ላይ ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁር መስኮት በተከፈተ ቁጥር መጀመሪያ የምትመጣው እሷ ናት፣ ሰላምታ ሰጥታ ቀኑን ትናገራለች። ተጠቃሚው አማርኛ የሚመርጥ ከሆነ «ሰላም» ትላለች፣ እንግሊዝኛ ከሆነ «ሄሎ»፣ ወላይትኛ ከሆነ «ሳሮ»።

«እንዴት አወቀች?» ብዬ ጠየቅኩት አንድ ቀን።

«አታውቅም፣ ትጠይቃለች እንጂ» አለኝ። «የሲ ላይብረሪ ውስጥ፣ ከሲ ጋር ተዘጋጅቶ በሚመጣው የትእዛዝ ስብስብ ማለቴ ነው፣ ይህን የሚሠራ አንድ ፈንክሽን አለ። ቋንቋ ትሰጠዋለህ። ባዶ ጥቅስ ከሰጠኸው ግን፣ እኔ አላውቅም፣ ባለቤቱ ምን እንደሚወድ ሄደህ አጣራ ማለት ነው።»

«የት ሄዶ ነው የሚያጣራው?»

«አባባ እንግዳ ሲመጣ እንዴት ያደርግ ነበር?» አለኝ።

ይህ የቤታችን ነገር ነው። አባታችን በሕይወት እያለ እንግዳ ሲመጣ ሁላችንም አፋችንን ዘግተን እሱን ነበር የምንጠብቀው። አባባ እንግዳውን በአማርኛ ሰላም ካለው ያ ቀን የአማርኛ ቀን ነው፣ እናቴ እንኳ ወጥ ጨምሩ የምትለው በአማርኛ ነው። አባባ ዝም ካለ እንደ ጉዳዩ ነው፣ ጸሎት ከሆነ በወላይትኛ፣ የትምህርት ቤት ጉዳይ ከሆነ በአማርኛ። ያም ካልሆነ የቤቱ የዘወትር ቋንቋ። ታምራት ላይብረሪውም ልክ እንደዚያ ነው ይል ነበር፣ መጀመሪያ ኤል ሲ ኦል የሚባለውን ያያል፣ እሱ አባባ ነው፣ እሱ ከተናገረ ሌላው ሁሉ ዝም። እሱ ባዶ ከሆነ ለየጉዳዩ የተጻፈውን ያያል። ያም ከሌለ ላንግ የሚባለውን፣ እሱ የቤቱ ቋንቋ ነው።

«ሁሉም ባዶ ቢሆንስ?»

«ያኔ ምርጫው ራሱ ሲ ይባላል። ማንም የሌለበት ቤት። አገር የለው፣ ቋንቋ የለው፣ ደረቅ እንግሊዝኛ ነው የሚያወራህ።»

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ በኋላ ያስፈልጋል። እናቴ ከታምራት ጋር በወላይትኛ ነው የምታወራው፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ። ማንም እንዲህ ይሁን ብሎ የወሰነ የለም። እሱ እስከ ሰባት ዓመቱ ሁምቦ አያቶቻችን ጋ ነው ያደገው፣ እኔ የተወለድኩት ከተማ፣ አማርኛ ከሚያወሩ ልጆች ጋር በአንድ ግቢ ተከራይተን ነው። እሱ «አዬ» ይላታል፣ እኔ «እማዬ»። ጉዳዩ ይኸው ነው።

አሁን ጥፋቴ ላይ ደርሻለሁ።

አንድ ማታ ታምራት ራት ሲበላ ልቀልድበት ብዬ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ምርጫው የተጻፈባት ፋይል የት እንዳለች አሳይቶኝ ነበር፣ «ሁሉንም ንካ፣ ይህችን ብቻ እንዳትነካ» ብሎኝ። የእሱን መስመር ሳላነበው፣ አዎ፣ ሳላነበው አጠፋሁና በኤል ሲ ኦል ቦታ ከኢንተርኔት ያገኘሁትን የቻይንኛ ኮድ ጻፍኩ። ጠዋት ሲከፍት በቻይንኛ ሰላም ይባላል፣ እንስቃለን ብዬ ነው። እሱ ግን ጠዋት አልከፈተውም። እንደተዘጋ ይዞት ሁምቦ ሄደ። ለካ ያን ቀን የችግኙን ፕሮግራም ለአለቆቹ የሚያሳይበት ቀን ነው፣ መግቢያው ላይ ደግሞ የሳሮን ሰላምታ አስገብቶበታል። ቻይንኛ ማሽኑ ላይ ስላልተጫነ ላይብረሪው «የለም» ብሎ ባዶ መልስ ሰጠ፣ ባዶ መልስ ይመጣል ብሎ ያላሰበው ፕሮግራም ደግሞ ሰው ሁሉ እያየ ወደቀ።

ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ላይ መልእክት ላከልኝ። «ጉታ፣ ሰው ፊት አዋረድከኝ። የጻፍከውን አጥፍቼዋለሁ። ማታ ስመጣ እንደነበረ መልስልኝ።»

ጉታ በወላይትኛ ትንሹ ማለት ነው። ከእሱ በቀር እንዲህ ብሎ የሚጠራኝ ሰው የለም።

አልመለስኩለትም። ሲመጣ ስቄ ይቅርታ እለዋለሁ ብዬ ስልኩን ኪሴ ከተትኩ። ማታ አልመጣም። ዝናብ ነበር፣ ሞተር ሳይክሉ ከመንገድ ወጣ። ከዚህ በላይ ስለዚያ አልጽፍም፣ አልችልም።

ላፕቶፑን ከቦርሳው ጋር አመጡልን። ማዕዘኑ ተሰንጥቋል፣ የካፕስ ሎክ ቁልፍ ደግሞ ወልቃ ጠፍታለች፣ በቦታዋ የቀረችው ሥሯ ያለችው ለስላሳ ጎማ ብቻ ናት። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ጎማዋን ብትጫኗትም ድምፅ አትሰጥም፣ ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ።

ድንኳኑ ፈርሶ፣ መዘምራኑም ጎረቤቱም መምጣት ሲቀንሱ፣ የታምራት የሥራ ጓደኛ ምሕረቱ ደወለና ላፕቶፑ የመሥሪያ ቤቱ ስለሆነ ነገ ጠዋት እንደሚወስደው አፍሮ አፍሮ ነገረኝ። እሺ አልኩት። ስልኩን እንደዘጋሁ ግን የታምራትን መልእክት አውጥቼ ደግሜ አነበብኩት። ወንድሜ ከእኔ የጠየቀው የመጨረሻ ነገር አንድ ነው፣ እንደነበረ መልስልኝ። እስከ ነገ ጠዋት ብቻ ነው መመለስ የምችለው። ከዚያ በኋላ ማሽኑ የሌላ ሰው ነው።

ስለዚህ ተቀመጥኩና ከፈትኩት። የይለፍ ቃሉ የእናቴ ስም ነው፣ አውቀዋለሁ። ጥቁሩን መስኮት ስከፍት «ሄሎ» አለኝ፣ ከሥሩ ቀኑን በእንግሊዝኛ። ትክክል ነው፣ እኔ የእሱን አጥፍቻለሁ፣ እሱ የእኔን አጥፍቷል፣ ምንም አልቀረም። ምርጫዎቹን የሚያሳየውን ትእዛዝ ጻፍኩ፣ ከላይ እስከ ታች ሲ፣ ሲ፣ ሲ፣ ኤል ሲ ኦል ደግሞ ባዶ። ማንም የሌለበት ቤት።

ምን ብዬ ልመልሰው? ይህን ነው ያላሰብኩት። መስመሩን ሳላነበው ነው ያጠፋሁት። ሳሮ ለእሱ በየትኛው ቋንቋ ሰላም ትል እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ፣ ስንት ጊዜ ከጎኑ ተቀምጬ አይቻታለሁ፣ ግን አንዱም አልመጣልኝም። ልክ በየቀኑ የምታልፉበትን በር ቀለሙ ምንድን ነው ብትባሉ እንደሚጠፋባችሁ።

አማርኛ ይሆናል አልኩና አማርኛ ብዬ ጻፍኩ፣ አስቀመጥኩ፣ አዲስ መስኮት ከፈትኩ።

«ሳሮ» አለ።

ተሳስቼ ነው አልኩ። ፋይሉን ከፍቼ አየሁት፣ የጻፍኩት አማርኛ ነው። እንግሊዝኛ አድርጌ ሞከርኩ። «ሳሮ።» መስመሩን ጭራሽ አጠፋሁት፣ ቅድም «ሄሎ» ያለበት ሁኔታ ላይ መለስኩት ማለት ነው። «ሳሮ።» ምርጫዎቹን ደግሜ ጠየቅኩ፣ ሲ፣ ሲ፣ ሲ። ላይብረሪው ሦስቱንም ቦታ አይቶ ምንም የለም ይላል፣ ፕሮግራሟን ግን የሆነ ሰው ወላይትኛ እመርጣለሁ ብሏታል።

አልፈራሁም፣ እውነቴን ነው፣ ተናደድኩ እንጂ። ውኃ ልጠጣ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። ጆጉን እንዳነሳሁ ከሳሎን ጠቅ ጠቅ የሚል ሰማሁ። የእናቴ መኮትኮቻ ድንጋይ መትቶ ይሆናል አልኩ። ድንጋይ ግን ጓሮ ነው ያለው፣ ድምፁ የመጣው ከሳሎን ነው። ይህን ያሰብኩት በኋላ ነው፣ ያኔ ውኃዬን ጠጥቼ ተመለስኩ።

ክፍት ትቼ የሄድኩት መስኮት አንድ ነበር። አሁን ሁለት ናቸው። በሁለተኛው ላይ እንዲህ ይላል፤

«ሳሮ፣ ጉታ»

ቁጭ አልኩ። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም፣ ጎረቤት ሬዲዮ ላይ አንድ ሙሉ ዜና አልቋል። ከዚያ ምሕረቱ ጋ ደወልኩ።

«ምሕረቱ፣ ሳሮ የምትባለዋን ፕሮግራም ታውቃታለህ?»

«ያቺ ሰላምተኛዋ? እንዴ፣ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ያውቃታል፣ ከዘበኛው በላይ ሰላም የምትለን እሷ ነበረች። ምን ሆነች?»

«ቋንቋው እምቢ አለኝ። ምንም ሳልጽፍ በወላይትኛ ነው የምትመልሰው።»

«ኤል ሲ ኦል ላይ ምን አለ?»

«ባዶ።»

«ላንግስ?»

«ሲ።»

«ታዲያ ሄሎ ነው ማለት ያለባት። በደንብ እይ፣ አንተ ልጅ ደግሞ ቻይንኛ እንዳትጽፍበት» አለና ሳቀ፣ ወዲያው ደግሞ ሳቁን አቆመ፣ ያንን መናገር እንዳልነበረበት ገባው መሰለኝ። «ይቅርታ አማኑ። እሺ፣ ስማ። ፕሮግራም ምርጫውን የሚወርሰው ካስነሳው ሰው ነው። አንተ ካላስነሳኸው ሌላ የገባ ተጠቃሚ አለ ማለት ነው፣ የእሱን ምርጫ ይዛ ነው የተነሳችው። ማን ማን እንደገባ ማሽኑን ጠይቀው።»

ትእዛዙን ነገረኝ፣ ጻፍኩ። ሁለት መስመር መጣ። ሁለቱም የታምራት ስም ናቸው። አንደኛው እኔ ነኝ፣ በእሱ ስም ስለገባሁ፣ የገባሁበት ሰዓትም ልክ ነው። ሁለተኛው ከሌላ ገጽ ነው፣ የዛሬን ቀን ይዟል፣ ሰዓቱ በፈረንጅ አሥራ አምስት ከአሥር ይላል፣ በእኛ ዘጠኝ ከአሥር፣ ያ መልእክት የደረሰኝ ሰዓት።

«ስንት ሰዓት ነው ማሽኑን ያበራኸው?» አለኝ ምሕረቱ።

«አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ።»

«ዘጠኝ ከአሥር ላይ ጠፍቶ ነበር?»

«ቦርሳው ውስጥ ነበር።»

«ሰዓቱ ተዛብቶ ነው» አለ። «ከወደቀ በኋላ ባትሪው ምናምን ሆኖ ይሆናል። ግድ የለም። በሌላኛው ገጽ ምን እንዳለ እንይ፣ ኮንትሮል፣ አልት እና ኤፍ ሁለትን አንድ ላይ ያዝ።»

ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል ይዤ ቁልፎቹን ተጫንኩ። ገጹ ሙሉ በሙሉ ጠቆረ። ከላይ በግራ ጥግ የታምራት ስም፣ ከጎኑ ብልጭ ድርግም የምትል ጠቋሚ። ሌላ ምንም የለም። ሰው መጻፍ ጀምሮ የሚያስብ ይመስላል። ምሕረቱ «ምን ይላል?» ሲለኝ ስልኩን በቀኝ እጄ ያዝኩ፣ ግራ እጄ ጉልበቴ ላይ ነው፣ ይህን በደንብ አስታውሳለሁ ምክንያቱም ሱሪዬን ጨምድጄ ይዤ ነበር።

የካፕስ ሎክ መብራት ቦግ ብላ ጠፋች። ደግማ ቦግ ብላ ጠፋች።

ጠቅ ጠቅ።

«ኧረ ቆይ እስክነግርህ፣ አትነካካው» አለ ምሕረቱ በስልክ። «ደግሞ ያቺን ነገር ተዋት፣ ልክ እንደ ታምሬ...»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። እኔም አልነካሁም አላልኩትም።

ያን ጊዜ ነው እናቴ ከጓሮ የተጣራችው። በወላይትኛ። «ታምራት፣ መጣህ? ቆጮው ተሸፍኖ አለልህ፣ ሳትበላ አትቀመጥ።» ሁልጊዜ እንደምትለው፣ ቀና ሳትል፣ እየኮተኮተች። ቀጥሎ የመኮትኮቻው ድምፅ ቆመ። ሬዲዮው ብቻ ቀረ። ጥቂት ቆይታ በመስኮቱ በኩል መጣች፣ እጇ ጭቃ ነው፣ መጀመሪያ ወንበሩን አየች፣ ከዚያ እኔን።

«አማኑ፣ አንተ ነህ እንዴ» አለች፣ በአማርኛ።

«እኔ ነኝ እማዬ።»

«እሱን ድምፅ አንተ ነህ ያደረግከው?»

ምን ልበላት? አይደለሁም ብላት ማን ነው ልትለኝ ነው። «እኔ ነኝ» አልኳት።

«ሁለተኛ እንዳታደርገው» አለችኝ። አልተቆጣችም፣ ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። «ልቤ አመነ እኮ።»

ሄደች። ስልኩን ሳየው ምሕረቱ ዘግቶታል፣ ወይም መስመሩ ተቋርጧል። ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለስኩና ማን ማን እንደገባ ደግሜ ጠየቅኩ፣ አንድ መስመር ብቻ፣ እኔ። «ሳሮ፣ ጉታ» ያለው መስኮትም የለም፣ መቼ እንደተዘጋ አላየሁም። እንግዲህ እንደዚያ ከሆነ አልኩ፣ በዚህ ሁሉ ሊለኝ የፈለገው መስመሩ ወላይትኛ ነበር መሆን አለበት፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል። በኤል ሲ ኦል ወላይትኛ ብዬ ጻፍኩ፣ አስቀመጥኩ። አዲስ መስኮት ከፈትኩ፣ «ሳሮ» አለ፣ አሁን ማለት እንዳለበት። «መልሼልሃለሁ» አልኩ፣ ድምፄን አውጥቼ። አጠፋሁት። ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ሌሊት ደህና እንቅልፍ ተኛሁ፣ አልዋሻችሁም።

ጠዋት ምሕረቱ መጣ። እናቴን ሰላም አለ፣ ተቀመጠ፣ ስለ ትናንትናው ማንኛችንም አላነሳንም። ላፕቶፑን ከፍቶ የሳሮን ኮድ እኔ ፊት አነበበው፣ ሠላሳ መስመር እንኳ አይሞላም።

«ይኸው፣ ሦስት ሰላምታ ነው ያለው። ሰላም፣ ሄሎ፣ ሳሮ። ሌላ ምንም የለም።»

«ጉታ የሚል የለውም?»

«ጉታ ማን ነው?»

«ማንም» አልኩት።

«ደግሞ ይህንን እይ» አለ በጣቱ እየጠቆመ፣ «ላይብረሪው ባዶ ሲመልስ ምን ይደረግ የሚል ምንም አልጻፈም። የጀማሪ ስህተት። ያን ቀን ፕሮግራሙ የወደቀው በአንተ ብቻ አይደለም አማኑ፣ እሱም አለበት። እኔ ራሴ እነግረው ነበር፣ አንተ ሰው ሁሉ መልስ የሚሰጥህ ይመስልሃል እለው ነበር።» ሊያጽናናኝ ነው፣ ገብቶኛል። ላፕቶፑን ቦርሳው ውስጥ ሊከት ሲል ግን ቆም ብሎ ቁልፎቹን ነካ ነካ አደረገ፣ ባዶዋን ጎማ ሲያያት ጊዜ ጣቱን አነሳ። «ይቺ መቼ ነው የወለቀችው?»

«ያኔውኑ፣ በአደጋው።»

«ከትናንት በፊት?»

«አዎ።»

ሌላ አልጠየቀኝም። ደህና ሁን እንኳ ሳይለኝ ወጣ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ይሻለኝ ነበር። ከሳምንት በኋላ ደወለ። መሥሪያ ቤት ባለው ኮምፒውተር ላይ ታምራት የፋይሎቹን ቅጂ ያስቀምጥ ነበር፣ ያቺም ፋይል ተገኝታለች፣ እኔ ከማበላሸቴ በፊት እንደነበረች።

«መስመሩ ምን ይላል?» አልኩት።

«አማርኛ» አለኝ። «ላንግ፣ አማርኛ። ከጎኑም ማስታወሻ አለው፣ ላንብብልህ? ‹ቤት ውስጥ አማኑም ስለሚጠቀም› ይላል።»

ስልኩን እንደያዝኩ ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ።

«ሰማኸኝ?»

«ላፕቶፑን አምጣልኝ ምሕረቱ፣ ለአምስት ደቂቃ።»

«አማኑ፣ እሱማ ተጠርጎ፣ ሁሉም እንደ አዲስ ተጭኖ ለሌላ ሠራተኛ ተሰጥቷል። ምንም የለበትም አሁን። ደግሞ ምን ለውጥ ያመጣል?»

ምን ለውጥ እንደሚያመጣ እኔም አላውቅም። ማወቅ የምችለውን ያህል በቅደም ተከተል አይቼዋለሁ፣ ልክ እንዳስተማረኝ። እሱ ራሱ የጻፈው አማርኛ ነው፣ ለእኔ ብሎ። ታዲያ ያን ቀን አማርኛ ስጽፍለት ለምን ሳሮ አለኝ? ልክ ነበርኩ እኮ፣ መጀመሪያ የጻፍኩት ልክ ነበር። ወላይትኛን የመረጠው ማን ነው? እሱ ከሆነ ለምን ሌላ ጻፈ? እሱ ካልሆነ በእኔና በእሱ መካከል ብቻ ያለውን ስም ማን ያውቃል? እንደነበረ መልስልኝ ያለው ያንን መስመር ነው ብዬ ነበር፣ አሁን እሱንም እርግጠኛ አይደለሁም። የጠየቀኝን አላደረግኩለትም፣ ማድረጊያውም ተጠርጓል፣ ይህን ብቻ ነው የማውቀው።

ትናንት ነው። አሥር ሰዓት አልፏል፣ እናቴ ጓሮ ናት፣ እኔ ሳሎን መሬት ላይ ተቀምጬ ጫማዬን እጠርጋለሁ። ጠረጴዛው ባዶ ነው፣ ላፕቶፑ ከሄደ ጀምሮ ምንም አላስቀመጥንበትም። እናቴ በወላይትኛ ተጣራች፣ «ታምራት፣ በላህ?» አለች። አንዳንዴ ትረሳለች፣ ከአፏ ያመልጣታል፣ ከዚያ ራሷ ዝም ትላለች። እንዳታዝን እኔ ልመልስላት ብዬ፣ በወላይትኛ፣ አፌን ስከፍት ከጠረጴዛው ላይ ጠቅ ጠቅ አለ።

እናቴ «እሺ ልጄ» አለች፣ በወላይትኛ፣ መኮትኮቷንም ቀጠለች።